ቬሮኒካ እውነት ጠንቋይ ናት? የታቦአዳ «ቬኔኖ ፓራ ላስ አዳስ» እና የልጆች እምነት

የማታ ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሜክሲኮውን ዳይሬክተር የካርሎስ ኤንሪኬ ታቦአዳን «ቬኔኖ ፓራ ላስ አዳስ» («መርዝ ለፌሪዎች» ማለት ነው) የተባለ አስፈሪ ፊልም አይቼ ከጨረስኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀኝ ብሏል፣ እስቲ አብረን እንየው። መጨረሻውንም ስለማነሳ ያላያችሁት እዚህ ጋ አቁሙ፣ ፊልሙን እዩና ተመለሱ።

ለረሳው ባጭሩ። ታሪኩ ሜክሲኮ ውስጥ ነው፣ ዋናዎቹ ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ናቸው። ቬሮኒካ ወላጆቿ የሞቱባት፣ ከአያቷና ከሞግዚቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ሞግዚቷ የጠንቋይ ተረት ትነግራታለች። ፍላቪያ ደግሞ የሀብታም ልጅ ናት፣ ለትምህርት ቤቱ አዲስ። ቬሮኒካ ቀርባ «እኔ ጠንቋይ ነኝ» ትላታለች። ፍላቪያ መጀመሪያ ትጠራጠራለች። ከዚያ የፒያኖ ትምህርቱ አስጠልቷት ስለነበር ሁለቱ አስተማሪዋ ላይ ድግምት ያደርጋሉ፣ ሴትዮዋም ትሞታለች። አለቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍላቪያ የቬሮኒካ እስረኛ ናት። አሻንጉሊቷን ትሰጣታለች፣ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቿ የገጠር ርስት ይዛት ትሄዳለች፣ እዚያም የጠንቋዮች ጠላት የተባሉትን ደጋግ የተረት ፍጥረታት፣ ፌሪዎቹን ማለት ነው፣ የሚገድል መርዝ እንቀምማለን ብለው እባብና እንቁራሪት፣ የመቃብር አፈር ሳይቀር ይለቅማሉ። መጨረሻ ላይ ጎተራው ይቃጠላል፣ ቬሮኒካ ውስጥ ናት፣ በሩን የዘጋችባት ደግሞ ፍላቪያ ናት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ፊልሙ ጥንቆላው እውነት ነው እያለን ነው ወይስ ሁሉም የልጆች ጭንቅላት ውስጥ ያለ ነገር ነው? እኔ እያየሁ ሳለሁ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ። አንዱም ትዕይንት «ይኸው፣ አስማት ሠራ» አይልም። ግን «አልሠራም» የሚልም የለም። ደግሞስ ይሄ ነገር በሜክሲኮ አስፈሪ ፊልሞች ውስጥ የተለመደ ነው ወይስ የታቦአዳ ብቻ ነው? የምታውቁ ካላችሁ በደንብ አስረዱኝ።

ጥቁር ድመት፦

እኔ በበኩሌ ፊልሙ ውስጥ አንዲት ጠብታ አስማት የለም ባይ ነኝ። የሚያስፈራኝም ስለሌለ ነው።

ካሜራውን እይ። የአዋቂዎቹን ፊት አታይም ማለት ይቻላል። ጀርባቸውን፣ እጃቸውን፣ ቀሚሳቸውን ታያለህ፣ ድምፃቸውን ትሰማለህ፣ ፊታቸው ግን ወይ ከፍሬሙ ውጭ ነው ወይ ዞሯል። ታቦአዳ ይህን ለማሳመር አላደረገውም። ካሜራውን በልጅ ቁመት አስቀምጦ እኛንም እዚያው አስቀመጠን። አዋቂ ማለት ከላይ የሚመጣ ድምፅ ነው፣ ያዛል፣ ይከለክላል፣ ይሄዳል። አይን ለአይን የሚተያዩት ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ያለች ልጅ ማንን ትጠይቅ? «ቬሮኒካ ጠንቋይ ናት ወይ» ብላ ለማን ታቅርብ? የሚያርማት ሰው ስለሌለ እምነቷ ያድጋል፣ ያድግና ሕግ ይሆናል።

ሌላው ነገር ቬሮኒካ ምን እንደሚጎድላት አስተውል። እናት የላትም፣ አባት የላትም። ፍላቪያ ሁሉም አላት። ትልቅ ቤት፣ አሻንጉሊት፣ ርስት፣ ወላጆች። ቬሮኒካ ያላት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ከሞግዚቷ የሰማችው ተረት። ያንን ይዛ ነው ገበያ የወጣችው። «ጠንቋይ ነኝ» ስትል «ከኔ የምትፈልጊው ነገር አለ» ማለቷ ነው። ለአንድ ብቸኛ ልጅ ይሄ ትልቅ ኃይል ነው። የአስተማሪዋ ሞት ሲመጣ ደግሞ ያልጠበቀችው ሀብት እጇ ላይ ወደቀላት። መጀመሪያ አሻንጉሊቷን፣ ከዚያ ዕረፍቷን፣ ከዚያ እንቅልፏን ወሰደችባት። ይህ ማስፈራሪያ ነው፣ ተራ ማስፈራሪያ፣ ልብሱ ብቻ የተረት ልብስ ነው።

ፍላቪያ ያደረገችውን ለማድረግ አስማት አላስፈለጋትም። ማመን በቂ ነበር። ያቺ ልጅ በሩን ስትዘጋ ሰው የምትገድል አልመሰላትም ብዬ ነው የማስበው፣ ወይም ደግሞ መስሏት ነው፣ ፊቷን ሁለት ሦስት ጊዜ መልሳችሁ እዩት። እኔ ልቤ ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ሦስተኛ ወንበር፦

ጥቁር ድመት ያልከው ሁሉ ገብቶኛል፣ ግን ፊልሙን ብቻውን ካየኸው ነው እንዲህ የሚጠራልህ። ታቦአዳ ከዚያ በፊት የሠራውን ስታይ ነገሩ ይወሳሰባል።

ሰውየው በአስፈሪ ፊልም የሚታወቀው በአራት ሥራ ነው። «አስታ ኤል ቪየንቶ ቲየኔ ሚየዶ» በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ «ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ» በ1969፣ «ማስ ኔግሮ ኬ ላ ኖቼ» በ1975፣ ከዚያ በ1980ዎቹ ይሄኛው። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ላይ መንፈሱ እውነት ነው፣ ድግምቱም እውነት ነው። አዋቂዎቹ ይክዳሉ፣ ይስቃሉ፣ ሐኪም ያማክራሉ፣ በመጨረሻ ግን ትክክል ሆኖ የሚገኘው ያ የተናቀው እምነት ነው።

«ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ»ን ያላየ ካለ ዛሬውኑ ይፈልገው። ሲልቪያ የምትባል ትንሽ ልጅ አለች፣ በትልቅ ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ሁጎ የሚባል ጓደኛ አለኝ ትላለች። ሁጎ ግን ግቢው ውስጥ የቆመ የድንጋይ ሐውልት ነው፣ መጽሐፍ የያዘ ልጅ። ማርጋ ሎፔስ የምትጫወታት አስተማሪ ልጅቷን ልትንከባከብ ትመጣለች፣ አባቷ ልጄ ጤና አይደለችም ይላል። ልጅቷ ግን ስለ ድግምት የምታወራው ሁሉ ከሁጎ የተማረችው ነው። ጨዋታ ይመስላል፣ ከዚያ ሰዎች መጎዳት ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ ሐውልቱ የቆመበት ቦታ ላይ መጽሐፉን ይዛ የምትገኘው ራሷ ሲልቪያ ናት፣ ድንጋይ ሆና። እንግዲህ እዚያ ልጅቷ አልዋሸችም፣ አላበደችም፣ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። ጥፋቱ ያልሰሟት ሰዎች ነው።

እና አሁን ራስህን በሜክሲኮ ተመልካች ቦታ አስቀምጥ። ይህን ፊልም በቴሌቪዥን ደጋግሞ ያየ ሰው ቬሮኒካና ፍላቪያን ሲያይ ምን ይጠብቃል? አስማቱ እንዲገለጥ ነው የሚጠብቀው! ታቦአዳ ያንን የቆየ ልማድ ራሱ ነው የገነባው፣ ከዚያ በዚህኛው ፊልም ላይ ዝም አለ። አልገለጠም፣ አልካደም። አንተ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያልከው ለዚህ ነው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ጥንቆላ በሜክሲኮ ፊልም ውስጥ ሥር የያዘ ነገር መሆኑንም አትርሳ። ታቦአዳ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት ስክሪፕት ጸሐፊ ነበር፣ «ኤል ኤስፔሆ ዴ ላ ብሩሃ» የተባለውን የቻኖ ኡሩኤታ ፊልም ከጻፉት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። እዚያ ጠንቋይዋ የቤቱ አስተዳዳሪ ናት፣ ባሏ የገደላትን ሴት ደም የምትበቀል ናት። ኢሳቤላ ኮሮና ነች የተጫወተችው፣ ምን አይነት ተዋናይ! ስለዚህ ሰውየው ስለ ጠንቋይ ሲጽፍ የቆየ ነው። በሌላ ሰው ፊልም ላይ ጠንቋይዋ በመስታወት አስማት ትሠራለች፣ በራሱ የመጨረሻ ትልቅ ፊልም ላይ ግን ጠንቋይዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሰች ወላጅ አልባ ልጅ ናት። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ጉዞ ነው።

በነገራችን ላይ ከአራቱ ሦስቱ እንደገና ተሠርተዋል፣ በ2007፣ በ2009 እና በ2014። በአዲሶቹ ጊዜ አታባክኑ። ድምፁ ጮኸ፣ ደሙ በዛ፣ ፍርሃቱ ጠፋ።

ተረት ሰብሳቢ፦

ስለ ፊልሙ ብዙ ተብሏል፣ እኔ ስለ እምነቱ ልናገር። ብዙ ሰው «ሜክሲኮ እኮ የጠንቋይ አገር ናት፣ ከዚያ ነው የመጣው» ብሎ ይዘጋዋል። በጣም የችኮላ አባባል ነው።

ሜክሲኮ ውስጥ የጥንቆላ እምነት እንዳለ አይካድም። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከ1957 ጀምሮ ያለው የሶኖራ ገበያ አለ፣ መድኃኒት ቅጠል፣ ሻማ፣ ክታብ፣ ለመፋቀርም ራስን ለመጠበቅም የሚሆን ነገር ሁሉ የሚሸጥበት። ቬራክሩስ ውስጥ ካቴማኮ የምትባል ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ አለች፣ በጠንቋዮቿ የታወቀች፣ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ማርች ወር የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፍባታል። በትላስካላ ገጠር ትላዌልፑቺ ስለምትባል ሴት ይወራል። በቀን እንደማንም ሴት ናት፣ ሌሊት ቅርጿን ለውጣ፣ ብዙ ጊዜ የቱርክ ዶሮ ሆና፣ ገብታ የሕፃን ደም ትመጥጣለች ይላሉ። ሕፃን አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ እሷ ናት ይባላል። በሰሜን ደግሞ ሌቹሳ አለች፣ የሴት ፊት ያላት ትልቅ ጉጉት። እና በእርግጥ ላ ዮሮና፣ ልጆቿን አጥታ በውኃ ዳር የምታለቅሰው ሴት፣ ገና በ1933 ፊልም ተሠርቶላታል፣ ለሜክሲኮ ድምፅ ያለው አስፈሪ ፊልም መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። ልጆች «ዮሮና ትወስድሃለች» እየተባሉ ነው የሚያድጉት።

ልብ በሉልኝ ግን፣ ከእነዚህ ውስጥ አንዷም ቬሮኒካ ክፍል ውስጥ የለችም። የቬሮኒካ ጠንቋይ የአውሮፓ ተረት ጠንቋይ ናት። አሮጊት፣ ድስት፣ እንቁራሪት፣ ፌሪዎችን የምትጠላ። ትላዌልፑቺ ከፌሪ ጋር ምን ጠብ አላት? የታቦአዳ ጠንቋይ ከመጽሐፍ የወጣች ናት፣ በሀብታም ሰፈር የምትነገር። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፣ የተማረና የደላው ቤት ውስጥ ያደጉ ልጆች የሚያውቁት ተረት ይሄው ነው። ከገጠሩ እምነት ጋር የሚያገናኘው አንድ ድልድይ ሞግዚቷ ናት።

አሁን ወደ እሳቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ማንም አላነሳውም። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ችሎት፣ የተቋቋመው በ1571 ነው፣ ጥንቆላ የሚመለከቱ መዝገቦቹ ብዙ ናቸው። ባሏን ለማስገዛት መድኃኒት ያበላች፣ ጠንቋይ ያማከረች፣ ባቄላ ጥላ ያስጠነቆለች። ነባር ሕዝቦቹ ግን ከዚያ ችሎት ሥልጣን ውጭ ነበሩ፣ የተከሰሱት በአብዛኛው ስፔናውያን፣ ቅይጦችና አፍሪካውያን ናቸው። ቅጣቱም ብዙውን ጊዜ ግርፋት፣ ስደት፣ የአደባባይ ንስሐ ነበር። ጠንቋይን በጅምላ ማቃጠል የነጀርመን ታሪክ ነው፣ የሜክሲኮ አይደለም። እንግዲህ ፍላቪያ ጠንቋይ በእሳት እንደምትጠፋ ከየት አወቀች? ከዚያው ከተረቱ! ቬሮኒካ ራሷ ባመጣችው ተረት ነው የሞተችው። ጠንቋይ መሆንን ከተረቱ ወሰደች፣ ፍላቪያ ደግሞ የዚያን ተረት መጨረሻ ወሰደች። ሁለቱም ያው አንድ ታሪክ ውስጥ እየኖሩ ነበር፣ አንዷ ጀመረችው ሌላዋ ጨረሰችው። ስለዚህ «አስማቱ ሠራ ወይስ አልሠራም» ለሚለው የኔ መልስ፣ ተረቱ ሠርቷል ነው። ያም በቂ ነው።

የማታ ተመልካች፦

ተረት ሰብሳቢ ስለ እሳቱ ያልከውን አንብቤ ለጥቂት ጊዜ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ፊልሙን ገልብጠህ አሳየኸኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሞግዚቷስ? ሁሉም ከእሷ ከተነሳ ጥፋተኛ ናት ማለት ነው? እንዲህ ማለት ይከብደኛል፣ ምክንያቱም በፊልሙ ውስጥ ለቬሮኒካ ጊዜ ሰጥቶ ከጎኗ የሚቀመጥ ሰው እሷ ብቻ ትመስለኛለች። ሌሎች ስለዚህ ምን ትላላችሁ? ደግሞስ ከዚህ ቀጥሎ ምን ልይ?

መብራት አጥፉ፦

ስለ ሞግዚቷ ከአንተ ጋር ነኝ፣ እንዲያውም ጠንከር አድርጌ ልናገረው። በሜክሲኮ ከተሞች የሀብታም ቤት ልጆችን ያሳደጉት በብዛት ናናዎች፣ ማለትም ሞግዚቶች፣ ናቸው፣ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ ሴቶች። የቤቱ ሰዎች ለልጁ ልብስና ትምህርት ይሰጡታል፣ ናናዋ ደግሞ ጸሎቱን፣ ዘፈኑን፣ ተረቱን ትሰጠዋለች። የሜክሲኮ መካከለኛው መደብ ፍርሃቱን የወረሰው ከማዕድ ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ በአስፈሪ ፊልም ላይ ናናዋን «ልጅቷን ያበላሸች አላዋቂ» ማድረግ ቀላል ነበር፣ ብዙ ፊልም አድርጎታል፣ እኔም ያንን አይነት ፊልም አልወድም። ታቦአዳ ግን ፍርዱን ለእሷ ብቻ አልተወውም። ተረት የነገረችውም፣ «ዝም በይ፣ እንዲህ አይባልም» ያለውም፣ ያልሰማውም፣ ሁሉም አዋቂ ፊት የለውም። ጥቁር ድመት ስለ ካሜራው ያለው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ተረት ነግሮ መሄድ ጥፋት አይደለም። ልጅቷ ተረቱን ይዛ ስትመጣ ማንም አለመኖሩ ነው ጥፋቱ።

ተረት ሰብሳቢ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ተረቱ ሠራ ብለህ ስትጨርሰው ፍላቪያን ነፃ ታወጣታለህ። ፍላቪያ ከተረቱ በፊትም ምክንያት ነበራት። የተወሰደባት ነገር ሁሉ አለ፣ ቁጣው አለ። እምነቱ በሩን ከፈተላት እንጂ የገፋት ሌላ ነገር ነው። ልጆች ክፉ መሆን አይችሉም የሚለውን ነገር ይህ ፊልም አይቀበልም፣ እኔም ትልቁ ድፍረቱ ይሄ ነው እላለሁ። ሁለቱን ልጆች እኩል ያከብራቸዋል። አና ፓትሪሲያ ሮሆ ቬሮኒካን ስትጫወት ገና የአስር ዓመት አካባቢ ልጅ ናት፣ በኋላ በቴሌኖቬላ (በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ) ክፉ ገጸ ባሕርያት ታዋቂ ሆናለች፣ ግን እዚህ ያደረገችውን በሌላ ቦታ አላየሁም። ስትዋሽ ራሷም እያመነች ነው የምትዋሸው፣ ያ ፊቷ ላይ ይነበባል። ፊልሙ በ1986 በሜክሲኮው የፊልም ሽልማት በአሪየል የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሲባል አስፈሪ ፊልም እንደ ርካሽ ነገር የሚታይበት ዘመን ስለነበር ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ምን ልይ ላልከው። መጀመሪያ «ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ»፣ ሦስተኛ ወንበር እንዳለው። ልጅቷ ትክክል የሆነችበትንና ልጅቷ የተሳሳተችበትን አጠገብ ለአጠገብ ስታያቸው ብዙ ነገር ይገለጥልሃል። ከዚያ በቀጥታ ወደ 2017 ዝለልና የኢሳ ሎፔስን «ቩኤልቬን» እይ። እዚያ ጠንቋይ የለችም፣ ግን እምነቱ ያው የልጆች እምነት ነው። ኤስትሬያ የምትባል ልጅ አለች፣ እናቷ ጠፍታለች፣ ከተማው በአደንዛዥ ዕፅ ወንበዴዎች ባዶ ሆኗል። ትምህርት ቤት ውስጥ ተኩስ ሲነሳ አስተማሪዋ ሦስት ቁራጭ ጠመኔ ትሰጣታለች፣ ሦስት ምኞት ናቸው ብላ። ልጅቷም ታምናለች። ምኞቶቿ ይፈጸማሉ፣ ግን ሁልጊዜ በሚያቆስል መንገድ። በቬሮኒካ ዘመን ልጆቹ ተረት የፈጠሩት ቤቱ ዝም ስላለ ነው። በኤስትሬያ ዘመን ተረቱ የሚያስፈልገው ውጭው እውነት ስለማይቻል ነው። ሁለቱም ላይ ዳይሬክተሩ ከልጁ ጎን ነው የሚቆመው፣ ከላይ ሆኖ አይስቅበትም።

ከቻልክ ሁለቱንም በስፓኒሽ ድምፅ ከጽሑፍ ትርጉም ጋር እያቸው፣ ድምፁ የተተካውን ተወው። በተለይ ቬሮኒካ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ፍላቪያን የምታስፈራራበት ቦታ ላይ ልጅቷ የምትናገርበት ዜማ ግማሹን ሥራ ይሠራል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግን አትክፈተው። ደም ብዙ የለውም፣ ግን እንቁራሪቶቹና መቃብሩ ሳይሆኑ ያ ጎተራ ነው የሚያስቸግረው። አይተህ ስትጨርስ ስለ «ቩኤልቬን» የመጨረሻ ትዕይንት ምን እንደተሰማህ እዚሁ ጻፍልን፣ እኔ ከብዙ ሰው ጋር የምለያይበት ነገር አለኝና።